ወንድሜን መንገድ ላይ ፈትሸው ወረቀት ሰጡት፤ ይህ ወረቀት ክስ ነው ወይ?

ሰፊዋ ከአራዳ

እንደምን ሰነበታችሁ የጎንደር ልጆች። እዚህ ያላችሁትም ውጭ ያላችሁትም የምታውቁትን ንገሩኝ፤ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አራዳ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ታናሽ ወንድሜን ያሳደግሁት በዚችው በስፌት መኪናዬ ነው። ባለፈው መስከረም ለትምህርት እንግሊዝ አገር ሄደ። የከተማውን ስም ልተወው። ብርዱ አይቻልም ሲሉኝ ጥቁር ወፍራም ጃኬት ሰፋሁለት። ከገበሩ ሥር፣ በግራ ብብቱ በኩል፣ ከውጭ የማትታይ ኪስ አበጀሁ። ፓስፖርቱንና ያለችውን ገንዘብ ሌባ እንዳይወስድበት ነበር ሐሳቤ። እዚያው ኪስ ውስጥ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ያመጣሁትን እምነት በወረቀት ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ደግሜ ቋጥሬ ከተትሁለት።

ማክሰኞ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ ፌርማታ ላይ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙት። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። የምንፈልገውን ሰው ትመስላለህ አሉት። ጃኬቱን እንዲያወልቅ ጠየቁት፣ አወለቀ። ወንዱ ገበሩን በጓንቱ ሲዳብስ እጁ ኪሷ ላይ ቆመ። ያችን የላስቲክ ቋጠሮ አወጣት።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ዱቄት የመሰለ ነገር፣ በላስቲክ የታሰረ፣ በተደበቀ ኪስ። ምን ብለው ያስቡ? ልጁ «ከቤተ ክርስቲያን ነው፣ የተባረከ አፈር ነው» እያለ ሲያስረዳ ሃያ ደቂቃ በሸሚዝ ብቻ ብርድ ላይ ቆመ። ሁለት አውቶቡስ አለፈው። ሰው በመስኮት ያየው ነበር። ሴቷ ፈትታ አየችው፣ አሸተተችው፣ በሬዲዮ ተነጋገረች። ኋላ እንደነበረው ጠቅልላ በእጁ ሰጠችው። ወንዱ ወረቀት ጽፎ ሰጠውና መሄድ ትችላለህ አለው።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እኛ ጋ ፖሊስ ወረቀት ከሰጠህ ወይ ቅጣት ነው ወይ መጥሪያ። ልጁ 17 ዓመቱ ሳለ አንድ ኬላ ላይ ስልኩን ተቀብለው ፎቶዎቹን ሲያገላብጡ፣ ለምን ብሎ ቢጠይቅ በጥፊ መቱት። ያን ጊዜ ወረቀት የሚባል አልነበረም። የመታውን ሰው ስም እስከ ዛሬ አናውቅም።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ይህ ወረቀት ክስ ነው? ከትምህርቱ ያስባርረዋል? ዝም ይበል ወይስ ቅሬታ ያቅርብ? ደግሞ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ሁለቱም መሣሪያ አልያዙም። ሽጉጥ እንኳ የላቸውም። እንዲያው እንዳልፈራ ብሎ ነው ወይስ እውነት ነው?

ኪሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ይኸ ነው ሌሊት የሚያባንነኝ።

የአዘዞው ከለንደን

እህቴ፣ መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። ያ ወረቀት ክስ አይደለም፣ መጥሪያም አይደለም። ፍተሻ ተደርጎ ምንም እንዳልተገኘ የሚመሰክር መዝገብ ነው። ፍተሻ ብቻውን እስራት አይደለም፣ የወንጀል ሪከርድም አይሆንም።

ለንደን አውቶቡስ መንዳት ከጀመርሁ 14 ዓመቴ ነው። እኔም ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ አራት ጊዜ ተፈትሻለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ። የሚሠራበት ሕግ የ1984 ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ሰው ለመፈተሽ በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ሊኖረው ይገባል። ከመፈተሹ በፊት የሚናገራቸው ነገሮች አሉ፦ ለፍተሻ እንደያዘህ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ለምን አንተን እንደጠረጠረ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚፈትሽ፣ ስሙንና ጣቢያውን፣ የመዝገቡን ቅጂ ማግኘት መብትህ እንደሆነ። የደንብ ልብስ ካልለበሰ መታወቂያውን ያሳያል። በሰው ፊት ሊያስወልቅህ የሚችለው ኮት፣ ጃኬትና ጓንት ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ቅጂውን በዕለቱ ባይሰጥህ እስከ ሦስት ወር ድረስ መጠየቅ ትችላለህ።

ይህ ሁሉ በበጎ ፈቃድ የመጣ እንዳይመስልሽ። አውቶቡሴ በየቀኑ ብሪክስተንን አቋርጦ ያልፋል። እዚያ ሰፈር በሚያዝያ 1981 ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ900 በላይ ሰው መንገድ ላይ አስቁመው ፈተሹ። ያን ጊዜ የሚሠሩበት ሕግ የ1824 የቦዘኔዎች ሕግ ነበር፤ «ነገር ሊያደርግ ይመስላል» ብሎ መያዝ ይበቃ ነበር። ከካሪቢያን የመጡት ጥቁሮች ልጆች መሮባቸው ሰፈሩ ነደደ። ሎርድ ስካርማን የሚባሉ ዳኛ ተሹመው መረመሩ። ሕጉ የተጻፈው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የወንድምሽ ወረቀት የዚያ ውጤት ነው።

ሆኖም ወረቀት ስላለ ነገሩ ቀና ሆነ ማለት አይደለም። ዛሬም ጥቁር ሰው ከነጩ አራት እጥፍ ያህል ይፈተሻል፤ የመንግሥቱ የራሱ ቁጥር ነው። ሌላ ሕግም አለ፣ የ1994፤ አንድ ሰፈር ለተወሰነ ሰዓት ተከልሎ ያለ ጥርጣሬም ይፈተሻል። የወንድምሽ እንደዚያ አይመስለኝም። ለማንኛውም ወረቀቱ ላይ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ምን ተጽፎበታል? እሱን አስነብቢና ጻፊልኝ። ቅሬታ ያስኬዳል አያስኬድም የሚለው እዚያ ላይ ነው ያለው።

መሣሪያውም እውነቱን ነው። የሚይዙት ቆመጥ፣ ካቴና፣ ዓይን የሚያቃጥል ርጭት ነው። አንዳንዶቹ በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን ቴዘር ይይዛሉ። ሽጉጥ የለም።

ባጃጅ ነጂው

እትዬ እግዜር ያጽናሽ። ልጁ ደህና ወጥቷል፣ ትልቁ እሱ ነው።

እኔ ግን ይኸ ባዶ እጁን የሚዞር ፖሊስ አይገባኝም። ባለፈው ወር ከፒያሳ ወደ ሳሙና በር የጫንሁት ሰውዬ ሽጉጡን ወገቡ ላይ አሳይቶኝ ሳይከፍል ወረደ። የሄድሁበት ፖሊስ ቆመጥ ብቻ የያዘ ቢሆን ምን ሊያደርግልኝ ነው? ይህ እኮ ሙሽራ በጥይት የሚታጀብበት፣ ለለቅሶም የሚተኮስበት አገር ነው። እውነት ሆኖ ከሆነ እንዴት እንደሚሠራ አንዱ ያስረዳኝ። ደግሞ ልጁን መታወቂያ አልጠየቁትም?

የአዘዞው ከለንደን

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው ዋናው ነገር ነው። መልሱ ፖሊሱ ጀግና ስለሆነ አይደለም። ሰዉም መሣሪያ የለውም። በ1996 ደንብሌን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትና መምህራቸውን በሽጉጥ ገደለ። በዓመቱ ሽጉጥ ለግል ሰው ተከለከለ። ይህ አገር ፖሊሱን ያለ ሽጉጥ ለማሰማራት የሚችለው ከተራው ሰው ወገብ ላይ ሽጉጥ ስለሌለ ነው። ለማመን ከፈለግህ ሰሜን አየርላንድን ተመልከት፤ መንግሥቱ ያው ነው፣ ነገር ግን እዚያ የመሣሪያ ታሪክ ስላለ ፖሊሱ ሁሉ ሽጉጥ ይታጠቃል።

ጨርሶ ታጣቂ የለም ማለትም አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ካሉት 147 ሺህ ገደማ ፖሊሶች መሣሪያ እንዲይዙ የሠለጠኑት 6 ሺህ ያህል ናቸው። በመኪና ይዞራሉ፣ ሲጠሩ ይደርሳሉ። የገደሉበትን እያንዳንዱን ጉዳይ ከፖሊስ ውጭ የሆነ መሥሪያ ቤት ይመረምረዋል። ስህተትም ሠርተዋል፤ በ2005 ስቶክዌል ባቡር ጣቢያ አንድ ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አጥፍቶ ጠፊ መስሏቸው ገድለው፣ ምንም የሌለበት ሰው ሆኖ ተገኘ።

መታወቂያን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ሰው መታወቂያ ይዞ የመሄድ ግዴታ የለበትም። በፍተሻ ጊዜ ስምህን እንኳ ላለመናገር ትችላለህ። ለጦርነቱ ጊዜ የወጣ መታወቂያ ነበር። በ1950 ክላረንስ ዊልኮክ የሚባል ሰው መኪና ሲነዳ ፖሊስ አስቁሞ አሳይ ቢለው አላሳይም አለ። ፍርድ ቤት ሕጉ አሁንም አለ ቢልም፣ ዳኞቹ ለጦርነት የወጣን ሕግ በሰላም ጊዜ ሰው ማዋከቢያ ማድረግን ነቀፉ። በ1952 መታወቂያው ቀረ። እኔ አዘዞ ሳድግ ያለ ቀበሌ መታወቂያ ከቤት መውጣት አላውቅም ነበር። እዚህ መጥቼ ስንት ዓመት ኪሴን ስዳብስ ኖሬአለሁ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

ልጄ፣ የጻፍሽውን የልጅ ልጄ አነበበልኝ፤ እሱው እየጻፈልኝ ነው። 31 ዓመት ፖሊስ ነበርሁ፣ አብዛኛውን እዚሁ ጎንደር። ስለ ወረቀቱ የለንደኑ ልጅ ነግሮሻል። እኔ ስለ መሣሪያው ልንገራችሁ፤ ባጃጅ ነጂው ያለውን እኔም በወጣትነቴ እል ነበርና።

ስቀጠር መጀመሪያ የሰጡኝ ቆመጥና ፊሽካ ነው። ሌሊት ፒያሳን እዞራለሁ፣ ጠጅ ቤቶቹ ሲዘጉ ሰካራም አሸኛለሁ። ሰው ሲጣላ መካከል እገባለሁ፣ ክንድ እይዛለሁ፣ «ተው እንጂ፣ የእገሌ ልጅ አይደለህም?» እላለሁ። ኋላ ዘመኑ ከፋና ክላሽ ተሰጠን። የመሣሪያው ቁጥር በስሜ ተመዘገበ። ከጠፋ እኔ ነኝ የምጠፋው።

አንድ ሌሊት ሁለት ሰዎች ጠጅ ቤት በር ላይ ተያያዙ። ሮጬ ደረስሁ። እንደ ድሮው መካከል ልገባ አልኩና ቆምሁ። ከገባሁ ከትከሻዬ ላይ ይነጥቁኛል ብዬ ሰጋሁ። ማንገቻውን በቀኝ እጄ፣ አፈሙዙን በግራ እጄ ይዤ «ተበተኑ!» እያልሁ ጮህሁ። አንደኛው ጩቤ አወጣ። ሁለት እጄ ክላሹ ላይ እንዳለ የሰው ሆድ ሲቀደድ አየሁ። ልተኩስ ብል ከኋላቸው ሰው ሞልቷል። ቆመጥ ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ ያ እጅ እጄ ውስጥ ነበር። ሰውየው አልዳነም። ስሙንም፣ የለበሰውን ቡላ ካፖርትም አልረሳሁም።

መሣሪያ የያዘ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠብቀው መሣሪያውን ነው። ይህን የማይነግራችሁ ፖሊስ ካለ መሣሪያ ይዞ ብቻውን ሌሊት አልቆመም።

በማሠልጠኛ ሳለን ስለ እንግሊዞቹ ይነግሩን ነበር። ሰር ሮበርት ፒል የሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ሕዝቡ አልወደደውም፤ ወታደር ሊያዘምቱብን ነው አለ። ከዚያ በፊት በ1819 ማንቸስተር ላይ ፈረሰኛ በሰልፈኛ መካከል ተለቆ ሰው አልቆ ነበርና ፍርሃቱ እውነት ነበር። ስለዚህ የወታደሩ ልብስ ቀይ ስለነበር ለፖሊሱ ሰማያዊ አለበሱት። ጎራዴም ጠመንጃም ሳይሆን ቆመጥና እንደ ፊሽካ የሚያገለግል ማንቋቋ ሰጡት። ፖሊስ ሕዝብ ነው፣ ሕዝብም ፖሊስ ነው የሚለው ትምህርታቸው ከዚያ ይመነጫል። እኛም እኮ አውጫጭኝ ነበረን። ከብት ሲሰረቅ አገሬው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ሌባውን ራሱ ያወጣ ነበር። ክፋትም ነበረበት፣ ሌባው እስኪነገር ሰው ከእርሻው ታግዶ ይውላል። ግን ነገሩ ከሰዉ ዘንድ ነበር።

ዋጋ አልከፈሉም አልልም። ለንደን ውስጥ በ1966 ሦስት መሣሪያ የሌላቸው ፖሊሶች በአንድ ቀን ተገድለዋል። በ2012 ማንቸስተር ላይ ሁለት ሴት ፖሊሶች ተራ ጥሪ መስሏቸው ሄደው በጥይትና በቦምብ ሞተዋል። በ2017 የፓርላማውን በር ሲጠብቅ የነበረው በቢላ ሞተ፣ እሱም መሣሪያ አልነበረውም። በ2006 ማኅበራቸው ሁላችሁም ትታጠቁ ዘንድ ትሻላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ከመቶ 82ቱ አይሆንም አሉ። ይህን የልጅ ልጄ ነው ያገኘልኝ፤ ሲያነብልኝ ያ ጠጅ ቤት በር ላይ ያለው ሌሊት መጣብኝ።

ያንን ልጅ በጥፊ የመታውን በተመለከተ፣ እኔ ባልሆንም የለበስሁትን ልብስ የለበሰ ነውና ይቅርታ አድርጊልን።

የማራኪ ሕግ ተማሪ

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ ጋ ሕግ የለም ብለሽ እንዳታስቢ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው ሰውነቱን፣ ቤቱንና ንብረቱን ከመፈተሽ የመጠበቅ መብት አለው ይላል፣ ደብዳቤውና የስልክ ግንኙነቱም ጭምር። ስለዚህ የወንድምሽ ስልክ መገላበጡም እዚያው ውስጥ ነው። መብቱ የሚገደበው በሕግና በብርቱ ምክንያት ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ተፈታሹን የሚፈትሸው ተመሳሳይ ፆታ ይሁን ይላል፣ ቤት ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ ማዘዣ ይጠይቃል፣ ሰዓቱንም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ያደርገዋል። የጎደለው ፖሊሱ ስሙንና ምክንያቱን ጽፎ በእጅሽ እንዲሰጥሽ ማድረጉ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ መርሆዎች ብዙ እንማራለን። እንደ ወንድምሽ ወረቀት ያለ፣ ሰው ይዞት ወደ ጣቢያ የሚሄድ ነገር ግን አላየሁም።

ሰፊዋ ከአራዳ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ይቅርታ የሚሉኝ ምን አድርገውኝ ነው? የጻፉትን ሁለት ጊዜ አስነብቤ አልቅሻለሁ።

የለንደኑ ወንድሜ፣ ምክንያት የሚለውን አስነበብሁ። አንድ መስመር ናት፤ «ከተሰጠው ገለጻ ጋር ይመሳሰላል፣ ጥቁር ወንድ፣ ጥቁር ጃኬት»። ሌላ የለም። ዕድሜ የለም፣ ቁመት የለም። ከታች ቁጥር አለ፣ ያነበበችልኝ ልጅ የፖሊሱ ነው አለችኝ።

የአዘዞው ከለንደን

ይህማ ቀጭን ነው። መመሪያቸው የቆዳ ቀለም ብቻውን ምክንያት አይሆንም ይላል። ገለጻ ተሰጥቶን ነው ካሉ፣ ገለጻው ሙሉው ምን ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ቅሬታውን መጀመሪያ ለዚያው ለፖሊሱ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያስገባ፤ በመልሱ ካልረካ ከእነሱ ውጭ ወዳለው ተቆጣጣሪ ይወስደዋል። ብዙዎቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ አላቸው፤ ቀረጻው እንዳይጠፋ ቶሎ ይጠይቅ። ያ ቁጥር ትከሻቸው ላይ ያለው ነው፣ ደብዳቤው ላይ ይጻፈው። ሰዓቱን፣ ፌርማታውን፣ ያለፉትን ሁለት አውቶቡሶች ቁጥር ሳይቀር ሳይረሳ ዛሬውኑ ይጻፍ። አውቶቡሶቹም ካሜራ አላቸው፣ ይህን ከሥራዬ አውቀዋለሁ።

ሰፊዋ ከአራዳ

ትናንት ማታ ደወለልኝ። ያላችሁትን አንድ በአንድ ነገርሁት። መጀመሪያ «ተይው እቴቴ፣ አልፏል» አለኝ። ሴቷ ፖሊስ እምነቱን በአክብሮት መልሳ ስለሰጠችው እሷ እንዳትጎዳ አሰበ። ከዚያ ወረቀቱን በስልክ እያነበበልኝ ሳለ እኔ አንድ ነገር ታየኝ።

ሱሪውን የምሰፋለት እኔ ነኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ94 ነው። ደንበኞቼ ሁሉ እሱን ሲያዩ በመጀመሪያ የሚሉት «ይህ ልጅ እንዴት ረዘመ!» ነው። መልኩንም ልብሱንም ያላየ ሰው ቁመቱን ያያል። አንድ ሰው እሱን አይቶ ለፖሊስ ከገለጸ ረጅም ነው ሳይል አይቀርም። የተፈለገው ልጅ ረጅም ከነበረ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ ነበር። ካልነበረ ደግሞ ወንድሜን ለምን አስቆሙት?

ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ልክ ነሽ፣ እሱን እጠይቃለሁ» አለኝ። ክስ አልፈልግም፣ የተገለጸላችሁ ሰው ቁመቱ ስንት ነበር፣ እሱን ብቻ ንገሩኝ ብሎ ነው የሚጽፈው። ሴቷ በትህትና እንደሠራችም ይጽፋል።

ለክረምቱ ሌላ ጃኬት ጀምሬለታለሁ። ገበሩን ቆርጬ ጠመኔውን ይዤ ሁለት ቀን ቆየሁ፤ ኪሷን ልተዋት ወይስ ላድርጋት እያልሁ። አደረግኋት። በዚህ ጊዜ ከላይ በኩል፣ ዚፕ ያላት፣ ማንም የሚያያት።

ደብዳቤውን ዓርብ ያስገባል። 194 ብሎ በቁጥርም በፊደልም ጽፎታል።